ሰርጉ በመቅረቱ አዝነናል

«ማሽኑ ፈተናውን ካለፈ እነግራታለሁ፤ ካላለፈ ግን በባዶ ሜዳ ለምን አስቀይማታለሁ?» የሚለው የወንድሟ ድምፅ በኮምፐርሳቶው ግድግዳ ሾልኮ ሲመጣ፣ ሬዲዮ አንደኛውን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች የአልጋዋ ጠርዝ ላይ ደርቃ ቀረች። ሚስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ብትነግራት ይሻልሃል። እህትህ ናት እንጂ ባላጋራህ አይደለችም» አለችው። «እንዴት ብዬ? ፈታኟ እኮ ራሷ ናት! ከሥራ የሚያስወጣት እሱ መሆኑን ካወቀች ሆን ብላ ትጥለዋለች» አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የሻይ ማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ማንኪያው መዞሩን አላቆመም።

ሬዲዮ ያሏት አፏ ስለማይዘጋ ብቻ አይደለም፤ ጣቢያ ስለምትቀይርም ጭምር ነው። የጎረቤቱን ሳል፣ የሐኪሙን ማንቋረር፣ የሟች አጎቷን የመንተባተብ ልማድ፣ ሁሉንም እንደ መሐረብ ከኪሷ መዛ ታወጣዋለች። በታናሽ ወንድሟ ላውንደሪ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። «ልብሴ ደረሰ ወይ?» ለሚል ሁሉ በራሱ ድምፅ መልሳ፣ ደንበኛው ከራሱ ጋር ያወራ እየመሰለው ግራ ተጋብቶ ስልኩን እንዲዘጋ ማድረግ የሚያህል ደስታ አልነበራትም። አሁን ግን ወንድሟ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ማሽን ገዝቷል። ማሽኑ ስልክ ያነሳል፣ ትዕዛዝ ይመዘግባል፣ ለደንበኛ መልእክት ይልካል። ማሽኑን የምትገጥምለት ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። ወንድምየው ከነገ ጀምሮ ሥራ ይግባ ሲላት እሷ፣ «መጀመሪያ የሚዋሸው፣ የሚያለቅስበት፣ የሚቆጣው ሰው ያስፈልጋል፤ ሳይፈተን ደንበኛ ፊት አላቀርበውም» አለችው። ወንድምየው ደረቱን ነፍቶ፣ «ለውሸቱ አታስቢ፤ ቤቴ ውስጥ ባለሙያ አለችኝ» ብሎ መለሰላት። ሬዲዮ ያን ቀን በዚህ ንግግሩ ኮርታ ነበር። አሁን ሁለተኛውን ካልሲ ስታጠልቅ፣ «እጥለዋለሁ እንጂ! እንደ ብርጭቆ ነው የማደቀው!» አለች ለራሷ፤ ፊቷን ስትታጠብ ግን ገና ላልዋሸችው ውሸት ብቻዋን እየሳቀች ነበር።

በመኪናው ውስጥ ወንድምና እህት ወሬ አላገኙም። «ቁርስ በላሽ?» አላት። «በላሁ» አለችው። ጥቂት ሄዶ፣ «በደንብ?» ሲላት፣ «በደንብ» አለችው። ከዚያ በኋላ እሱ የፊት መስታወቱን ያለ ዝናብ ሲጠርግ፣ እሷ ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያዎችን በዜና አንባቢ ድምፅ በልቧ ስታነብ ደረሱ። የላውንደሪው የዕረፍት ቀን ስለነበር የብረት መዝጊያው ግማሹ ብቻ ተነስቷል። የታጠቡት ልብሶች ላስቲካቸውን ለብሰው ከጣሪያው በታች እንደ ወረፋ ጠባቂ ተደርድረዋል፤ ቤቱ ስታርችና በረኪና ይሸታል። ተኳሹ ቀድሟቸው መጥቶ የቆሻሻ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጧል። ተኳሽ ይባል እንጂ ጠመንጃ በሕልሙም ነክቶ አያውቅም፤ የሚተኩሰው ሸሚዝና ሱሪ ነው። «ዕረፍትህ አይደል እንዴ?» ስትለው፣ «አንቺና ማሽኑ ስትጋጠሙ ቤቴ ተኝቼ? ምን በወጣኝ!» አላት።

ባለሙያዋ ደውላ መንገድ ተዘግቶብኛል፣ እስክመጣ ምንም እንዳትነኩ አለች። ወንድሟ «እሺ እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ወዲያው ኮምፒውተሩን አበራው። «እንዲሞቅ ያህል ነው» አለ፤ መኪና ይመስል። ከማያው ላይ ጽሑፍ ወጣ። ሬዲዮ መነጽሯን አላደረገችምና «ምን ይላል?» አለችው። «ያው እንደ ሁሉም ነው፤ ተስማምተሃል ወይ ይላል» አለና ተጫነ። ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ ተጫነ። ሌላም ወጣ፤ እሱንም ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በጣቱ መታና፣ «በይ ጀምሪ፤ የምታውቂውን ሁሉ አውጪበት» አላት።

ሬዲዮ ስልኳን ይዛ ወደ መተኮሻው ክፍል ገባች። መጀመሪያ የደወለችው ደረሰኝ የጠፋባት መበለት ሆና ነው። የባሏ ካፖርት እነሱ ዘንድ እንደቀረ፣ ሽታውን ካላሸተተች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ስትናገር ተኳሹ ቀልድ መሆኑን እያወቀ ዐይኑን ጠረገ። የማሽኑ ድምፅ ለስላሳ ነበር። «ስለ ባለቤትዎ ኀዘን ተሰምቶኛል። ያለ ደረሰኝ ልብስ ማስረከብ ግን አልችልም፤ መታወቂያዎን ይዘው ሲመጡ ሰው ያነጋግርዎታል» አላት። እሺ ይሁን ብላ ቀጥሎ ትልቅ ባለሥልጣን ሆነች፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?!» ብላ አንባረቀችበት። «አላውቅም። ስምዎን ቢነግሩኝ እመዘግባለሁ» አለ። ተኳሹ ከክምሩ ላይ ተንከባልሎ ወደቀ። ዋጋ ተከራከረችው፣ ለመነችው፣ «ለእኔ ስትል» አለችው፣ ልጆቼን አምጥቼ እጥልብሃለሁ አለችው፤ እሱ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን እንደሌለው ነገራትና ባለቤቱን በማያው ላይ ጠየቀ። ባለቤቱ «አይቀነስም» የሚለውን ቁልፍ እየሳቀ ተጫነ። እሷም ከንዴቷ ይልቅ ሳቋ እየበለጠባት መጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስታወራ ሳያቋርጣት፣ ሰዓቱን ሳያይ፣ «እሺ ባክሽ አሁን» ሳይል እስከ መጨረሻው ሰምቷት የጨረሰ አልነበረም። ጠላቷን ሰሚ ሆኖ አገኘችው። ልትጥለው መምጣቷን ልትረሳ ምንም አልቀራትም።

ያኔ ነው ከማንጠልጠያው ላይ ያሉት ሁለት ልብሶች ዐይኗ ውስጥ የገቡት፤ አንድ ነጭ ቬሎና አንድ ጥቁር ሱፍ፣ ጎን ለጎን፣ በሚመጣው ሳምንት ለሚደረግ ሰርግ። የሙሽሪትን እናት ድምፅ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሴትዮዋ ቬሎው ከገባ ጀምሮ ጠዋት ማታ እየደወለች በአፍንጫዋ ስትነዘንዛት ነው የከረመችው። ሬዲዮ አፍንጫዋን በሁለት ጣቶቿ ያዘችና ደወለች። «ስማ አንተ ልጅ! ሰርጉ ቀርቷል! ያ ዘንጋዳ፣ ያ ቀውላላ ሙሽራ ልጄን አያገባትም፤ ልብሱ ባለበት ይቁም! ሱፉን ደግሞ በረኪና ውስጥ ንከሩልኝ!» አለች። ማሽኑ የደረሰኙን ቁጥር ጠየቃት። ደረሰኙን የጻፈችው ራሷ ናትና አነበበችለት። ልብሱን ማን እንዳስገባው ጠየቃት፤ ሙሽራው መሆኑን ነገረችው። «ልብሶቹ ባሉበት እንዲቆዩ አድርጌአለሁ» አላት። «ሱፉን በረኪና ውስጥ መንከር ግን አንዴ ከተደረገ የማይመለስ ነገር ነው። ያስገባው ሰውና የላውንደሪው ባለቤት ሳያረጋግጡልኝ አላዝም።» ወንድሟ ከወዲያኛው ክፍል በጭብጨባ ፈነዳ። «አለፈ! በስመ አብ፣ አለፈ እኮ!» ሬዲዮ አፍንጫዋን ለቀቀች። እውነትም አልፏል። ወንድሟ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየች። «እታለም» አለ። «እ» አለች። «አይ… ውኃ ትፈልጊያለሽ?» አለና ተመለሰ።

ውኃው ሳይመጣ ውጭ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬን ሲጢጥ ሰሙ። የከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፋሪውን እንደጫነ፣ ላውንደሪው በር ላይ ተገትሯል። በግማሽ ከተነሳው መዝጊያ ሥር አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሹፌር እጥፍ ብሎ ገባ። ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል። «ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው የላከው?» አለና አነበበ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ በሙሽሪት እናት ጥያቄ መሠረት የሰርግ ልብስዎ እንዲቆይ ተደርጓል። ሰርጉ በመቅረቱ አዝነናል። ሌላ የሚታጠብ ካለዎት በደስታ እናስተናግድዎታለን።» ተኳሹ ራሱን አንድ የአልጋ ልብስ ውስጥ ሸጎጠ፤ የአልጋ ልብሱ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሬዲዮ በአንድ ጊዜ መሬት እንድትውጣትም፣ ሳቋ እንዳያመልጣትም ጸለየች። ሹፌሩ የሙሽሪትን ስም እየጠራ፣ «እሷ ራሷ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በላውንደሪ ይላካል?» አለ። ዐይኖቹ ውኃ አዝለው ነበር። የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ወርደው አንገታቸውን በመዝጊያው ሥር አስገቡና፣ «ልጄ፣ ከቀረም ይቅር፤ እኛን ግን አድርሰን» አሉት።

ሬዲዮ አፏን ልትከፍት ስትል ሙሽሪት ደረሰች። በነጠላ ጫማ ነበር የሮጠችው፤ ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ ነው። ሹፌሩ መንገድ ላይ እያለ ደውሎ «በላውንደሪ ላክሽብኝ!» ብሎ ዘግቶባታልና፣ ስትገባ መጀመሪያ ያለችው፣ «አንተ ነህ እንጂ የፈራህ! ካልፈለግከኝ ዐይኔን እያየህ ንገረኝ!» ነበር። ሁለቱም ባንዴ ተናገሩ፣ ባንዴ ጮኹ፣ ባንዴ ዝም አሉ። ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው፤ ሹፌሩ በሰርጉ ዕለት ሙሽሪቱን በሚነዳው አውቶቡስ ሊወስዳት አስቦ ሲነግራት፣ «ተሳፋሪህ ነኝ እንዴ?» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተኳርፈው እያንዳንዳቸው ሌላው ሰርጉን እስኪያፈርስ ሲጠብቁ ነው የከረሙት። መልእክቱ ሲደርስ ሁለቱም የፈሩት የመጣ መሰላቸው።

«እኔ ነኝ» አለች ሬዲዮ። ሁሉም ዞሩ። ወንድሟ በዐይኑ «ተይ» አላት፤ አልተወችም። ማሽኑን ሲፈትኑ እንደነበር፣ መልእክቱ በእውነት ይላካል ብላ እንዳላሰበች፣ የሙሽሪትን እናት ሆና የደወለችውና ሙሽራውን ‹ዘንጋዳ› ያለችው እሷ እንደሆነች ተናዘዘች። ሙሽሪት ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ውሸት ነው። የእማዬን ድምፅ ማንም አይችለውም። እስኪ ያድርጉት!» ሬዲዮ ሹፌሩን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ወንድሟን ግን አላየችውም፤ አፍንጫዋን ይዛ፣ «አንቺ ልጅ! በዚህ ጸጉርሽ ነው አደባባይ የወጣሽው? ሰው ምን ይላል?» አለች። ሙሽሪት ሳታስበው እጇን ወደ ጸጉሯ ላከች። ከዚያ የት እንዳለች ትዝ አላትና፣ «እማዬ! እማዬ እኮ ናት!» ብላ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስትስቅ እንባዋ፣ ስታነባ ሳቋ ይቀድማታል። ሹፌሩ፣ «እስኪ ‹ዘንጋዳ› ያሉኝን ይድገሙልኝ» አለ። ደገመችለት። ተኳሹ ከአልጋ ልብሱ ውስጥ ወጣ፤ ከአውቶቡሱ የወረዱት ተሳፋሪዎች የብረት መዝጊያውን እስከ ላይ ከፍተው ገቡ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሹፌሩ ሙሽሪት አጠገብ ተቀመጠና፣ «መኪና ይሁንልሽ፤ የፈለግሽው መኪና» ሲላት፣ «ዝም በል፤ እንዲህ ተሳፋሪህን ጥለህ ከሮጥክልኝ አውቶቡሱም አይከፋም» አለችው።

ባለሙያዋ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። በተሳፋሪ መካከል በክርን እየተጋፋች ገብታ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠችና መጀመሪያ የመልእክት መስመሩን ዘጋችው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ወደ ኋላ መልሳ አነበበች። «ከመጀመሩ በፊት ጠይቋል» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ። «ይህ ሙከራ ነው ወይስ እውነተኛ ሥራ? የመልእክት መስመሩ ክፍት ነው፤ ክፍት ሆኖ ልቀጥል? ችግር ቢፈጠር ማን ያስቁመኝ? ብሎ ጠይቋል። እርስዎ ሁሉንም ‹ቀጥል› ብለዋል።» ወንድምየው ጣቱን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አየው። ማሽኑም በድምፅ ማጉያው፣ «ስህተቱ የኔም ነው» አለ። «ሰርጉ መቅረቱን የነገሩኝ በስልክ ብቻ ነው። ሳላረጋግጥ መልእክት መላክ አልነበረብኝም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሽማግሌው፣ «ጨዋ ነው» አሉ። ሬዲዮም ወንድሟን አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኸው፣ እሱ እንኳን ቀደመህ» አለችው። «ምኑን?» አለ። «ይቅርታውን። ጠዋት ሰምቼሃለሁ። ግድግዳው ኮምፐርሳቶ ነው።»

ወንድምየው ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ አንድ የታጠበ ሸሚዝ አንስቶ ያለ ምክንያት ያጣጥፍ ጀመር። «እታለም፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አፌን ከፈትኩ እኮ፤ ውኃ ነው የወጣው» አላት። እሷም ሳቋ መጣ፤ ልትቆጣው ጠዋት ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ የት እንደገባ ጠፋባት። ባለሙያዋ በበኩሏ አልሳቀችም፤ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች፣ «ፈታኟ እርስዎ ነዎት። ነገ ሥራ ይጀምር ወይስ አይጀምር?» አለቻት። ሬዲዮ አንድ ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። «ወድቋል» ብትል ወንበሯ ይቀርላታል፤ ደግሞ ማንም አይፈርድባትም፣ ምስክሩ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው። ወንድሟ ሸሚዙን አጣጥፎ ጨርሶ እንደገና ፈታው።

«ስልኩን ያንሳ» አለች። «ከእኔ ይሻላል፤ ሰው አይሰለቸውም። እኔ ‹ልብሴ ደረሰ ወይ› የሚል ሰው ከዛሬ በኋላ ብሰማ ራሴን ማጠቢያው ውስጥ ነው የምከተው። በረኪናው ላይም ማንም ሳይነግረው ቆሟል፤ የነከሩት ሱፍ እንደማይመለስ ያውቃል። የተናገሩት ቃል እንደማይመለስ ግን ገና አላወቀም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቤት ወደ ሰው የሚሄድ መልእክት ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ፤ አንብቤ ይሂድ ካልኩ ይሂድ። ወንድሜን በተመለከተ…» ብላ ወደሱ ዞረች፤ «እሱ ገና ፈተናውን አላለፈም። ቁልፍ እንዳይነካ።» ተኳሹ፣ «አሜን!» አለ። ባለሙያዋ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ጽፋ ጨረሰችና፣ «‹ምንም እንዳትነኩ› ካልኩት ከጠዋቱ ምክሬ ጋር አንድ ነው፤ የእርስዎ ግን ይጣፍጣል» አለቻት። ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እና… ትቀሪያለሽ ማለት ነው?» አለ። «ልሂድ እንዴ?» አለችው። «ኧረ የት አባትሽ!» አለና ሸሚዙን እንደያዘ አቀፋት። ለስንት ጊዜ ያልተቃቀፉ መሆናቸው ያኔ ነው የታወቃቸው፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ተደናበሩ።

ውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። አንድ ተሳፋሪ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የሚነፋው። ሹፌሩ ሙሽሪትን በእጇ ይዞ ወጣ፤ ከኋላው ያለውን የመጀመሪያውን ወንበር አንዲት ሴትዮ ለቀቁላትና ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ። «እርስዎም ይምጡ! እናቴ ጋ ሄደን እርስዎ በር ላይ በራሷ ድምፅ ያንኳኩባት!» አለች ሙሽሪት በመስኮቱ። ሬዲዮ ወንድሟን አየችው። የዕረፍት ቀኗ መሆኑ ትዝ አላት። ቦርሳዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ሽማግሌው ከአጠገባቸው ቦታ ሰጧትና፣ «የኔን ድምፅ እንዳትነኪ» አሏት። በሽማግሌው ድምፅ፣ «ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አለቻቸው።

ባለሙያዋ ማሽኑን አጥፍታ ሄዳለች። ተኳሹ ሲንከባለል የጠፋበትን ካልሲ ፍለጋ ከክምሩ ሥር ገብቷል። ወንድምየው ብቻውን ቆሞ የተበታተኑትን ማንጠልጠያዎች ሲለቃቅም የላውንደሪው ስልክ ጮኸ። ወደ ኮምፒውተሩ አየ፤ ጨለማ ነው። ወደ ተኳሹ አየ፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ግራ ቀኝ ካለ በኋላ እንደ እባብ እየፈራ ስልኩን አነሳው። «ሃ… ሃሎ? ላውንደሪ ነው» አለ። ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት ሻካራ ድምፅ ያላት አሮጊት መጣችበት። መጋረጃዋን ነጭ አስገብታ ሮዝ ሆኖ እንደተመለሰላት፣ ሮዝ ከሆነ በኋላ ደግሞ እንደወደደችው፣ አሁን የሶፋ ልብሷንም እንደዚያው ሮዝ እንዲያደርግላት ነገረችው። ወንድምየው ላብ በላብ ሆነ። «እማማ፣ ይቅርታ… ሮዝ ማድረግ እንኳን… ማለቴ ያኛው ስህተት ነበር፤ ስህተቱን እንዴት መድገም እንደምንችል ባለቤቱን ልጠይቅልዎት» አለ። ባለቤቱ ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው፣ በስልኩ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ባንዴ በሳቅ ሲፈነዳ ሰማ።